አጎቴን የጠቆመው እንግዳ

ባለፈው ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ መንገድ ላይ መኪናዬን ፓርክ አድርጌ ሱቅ ስገባ ባለሱቋ ብርቱካን ትልጥ ነበር። ሽታው ሲደርሰኝ የልጅነቴ አንድ እሑድ ትዝ አለኝ።

ያኔ ደርግ ከገባ ጥቂት ዓመት ሆኖታል፤ እኔ ስምንት ዓመቴ ነው፤ የምንኖረው ሆሊውድ። እማዬ ኮሌጅ የጥንት ግሪኮችን ተውኔት ትማር ነበር። የወንድሟን ደም ስለምትበቀል እህት የነገረችኝ በዚያ ሳምንት ነው። የእሷም ወንድም አዲስ አበባ ተገድሏል። ጠቁሞ ያስያዘው የልብ ጓደኛው ጋሼ ተፈራ መሆኑን በደብዳቤ ሰምታለች። አብራን የምትኖረው አያቴ ግን ልጇ መሞቱን እንጂ የጠቆመው እሱ መሆኑን አልሰማችም።

እሑድ ቀትር ላይ፣ አሜሪካ ከገባ ወር ያልሞላው ጋሼ ተፈራ ብርቱካን ይዞ መጣ። እማዬ አንዱን በቢላ ትልጥለት ጀመር። ዓይኔን ከቢላው መንቀል አቃተኝ።

«እናትሽስ የት ናቸው?» አላት።

«እናቴ መኝታ ቤት ናት» አለችው። «ያደረግከውን ገብተህ ራስህ ንገራት። አለዚያ እኔ እነግራታለሁ።»

ፊቱ አመድ መሰለ። ተነስቶ ገባ።

«ልጄ ተፈራ፣ መጣህልኝ!» የሚለው የአያቴ ድምፅ ተሰማ። ከዚያ እሱ በዝግታ ሲናገር ተሰማ። ከዚያ ጩኸቷ መጣ። ጋሼ ተፈራ አንገቱን ደፍቶ ወጣ። አያቴ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ እህል በወጉ አልቀምስ ብላ ዓመት ሳትቆይ ሞተች።

እማዬ ያን ቀን የተበቀለችው እሱን ይሁን የገዛ እናቷን፣ እስካሁን መለየት አልቻልኩም።