ያልተነከረው ቀይ ጨርቅ

ልብስ ሰፊዋን ሰፈርተኛው «እሜቴ ንከሪው» ይላታል። አዲስ ጨርቅ እጇ ከገባ ጥጉን ቆርጣ፣ ሙቅ ውሃና ሳሙና ውስጥ ነክራ፣ ነጭ ጨርቅ ላይ አስተኝታ ካልተጫነችው መቀስ አታነሳም። ነጩ ላይ ቀለም ከታተመ ያ ጨርቅ መልቀቁን እስኪተው ይታጠባል፤ ካልተወ ቤቷ አይገባም። ባል ብታገባ እንኳ መጀመሪያ ነክራ ታየዋለች እያሉ ይስቁባታል። ይሳቁ። በእሷ እጅ ያለፈ ልብስ ቀለም ለቆ አያውቅም።

ዛሬ ግን ለቀቀ።

የለቀቀውም የታላቅ እህቷ ልጅ ለሠርጓ የምትወስደው የአልጋ ልብስ ነው። ቁርጥራጭ ጨርቅ ገጣጥማ፣ ውስጡን ጥጥ ሞልታ፣ ወራት ሙሉ ጎንበስ ብላ የሰፋችው። ለስፌት ያሰመረችው የጠመኔ ምልክት እንዲጠፋ ብላ መታጠቢያ ገንዳው ውስጥ ዘፈዘፈችው፤ ሳሙና ይዛ ስትመለስ ውሃው ቀልቶ ጠበቃት። በቀዩ ዙሪያ ያሉት ነጫጭ ቁራጮች ሮዝ መሆን ጀምረዋል።

የትኛው ጨርቅ እንደሆነ አላጣችውም። ታላቅ እህቷ ያመጣችው ነው።

እህትማማቾቹ እናታቸው የታመመች ጊዜ ማን ቤት ትቀመጥ ሲባል ክፉ ቃል ተነጋግረው ዓመታት ተኳርፈዋል። የታረቁት ሠርጉ ሲቃረብ ነው፤ እርቅ ከተባለ። ያኔ ታላቅየዋ ቀዩን ጨርቅ ይዛ መጣች፤ «ይህንንም አስገቢበት» ብላ እስኪቆረጥና እስኪሰፋ ቁጭ አለች። ሰፊዋ እጇን ወደ ሳፋው ልካ መለሰችው። እህቷ ያመጣችውን ጨርቅ እፊቷ ነክሮ መመርመር «አላምንሽም» ማለት መሰላት። ይሉኝታ የማያስደርገው ነገር የለም፤ ስንት ዓመት የኖረችበትን ሥራ አስረሳት።

አሁን የቀራት አንድ ተስፋ ነው። የለቀቀ ቀለም እርጥብ እስከሆነ ድረስ ይወጣል፤ ነጩ ላይ ከደረቀ ግን አለቀለት። ውሃውን ደፍታ ሌላ ሙቅ ውሃ በሳሙና ሞላች፤ ልብሱን ሳታጣጥፍ ዘረጋችው። ውሃው እንደገና ቀላ። ደፋች፤ ሞላች።

በሩ ተንኳኳ። ታላቅየዋ ናት፤ ልብሱን ልትወስድ ነው የመጣችው።

«ደረሰ?»

«ደርሷል እትዬ፣ ብቻ ትንሽ...»

ታላቅየዋ ቃሏን አላስጨረሰቻትም፤ አልፋት መታጠቢያ ቤት ገባች። «ምን ጉድ ነው! አውጪው እንጂ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?» አለችና ጨምቃ ፀሐይ ላይ ልታሰጣው እጅጌዋን ሰብስባ ጎንበስ አለች።

«አትንኪው!»

ጩኸቷ ራሷንም አስደነገጣት። ከተጨመቀ ያልተነካውም እንደሚበከል፣ ከደረቀ ደግሞ እንደማይለቅ እየተንተባተበች አስረዳች።

ታላቅየዋ ቀና አለች። «የቱ ነው የለቀቀው?»

«የኔው ነው። ከገበያ የገዛሁት...»

«ውሸታም! ጨርቄን አላውቀውም?» ወደ ቀዩ ውሃ አየች። «አልነከርሽውማ።»

«አልነከርኩትም።»

«አንቺ? የሰውን ሁሉ የምትነክሪው?»

«ቅር እንዳይልሽ ብዬ ነው።»

ታላቅየዋ የገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። «አንዲት ብጣሽ ከማርጠብ የልጄ ልብስ ቢበላሽ ይሻላል አልሽ። እንግዲያ መቼ ታረቅን? ተፈራራን እንጂ።»

እውነቷን ነበር። ውሃው ግን እየቀዘቀዘ ነው።

«ምድጃው ላይ የፈላ ውሃ አለ፤ አምጪልኝ» አለች ሰፊዋ። ልመና አልነበረም፣ ትእዛዝ ነበር። ታላቅየዋም ሄዳ አመጣች።

ሲደፉ ሲሞሉ ዋሉ። እጃቸው ውሃ ውስጥ እንዳለ የእናታቸው ነገር ተነሳ።

«አስታምሚያት ብለሽ ጥለሽብኝ ሄድሽ» አለች ሰፊዋ።

«መች ጠራሽኝ? በሩንስ የዘጋሽብኝ አንቺ አይደለሽም?»

«ከጥጉ ያዢ፣ አትጠምዝዢው!»

«አትጩኺብኝ!»

ልብሱን አንደኛው ጫፍ ላይ አንዷ፣ ሌላኛው ጫፍ ላይ ሌላዋ ይዘዋል፤ ጥሎ መውጣት አይቻልም። ቀዩ ውሃ ሮዝ ሆነ፣ ሮዙ ሳሳ፣ በመጨረሻ ጠርቶ ቀረ። በፎጣ እየተጫኑ ውሃውን አወጡለት። ነጮቹ ነጭ ሆነዋል፣ መሐል ላይ ካለች አንዲት ቁራጭ በቀር።

«ይቺ ትንሽ...» አለች ሰፊዋ ዐይኗን ሰብራ። እህቷ «ምንም አይል፣ አይታይም» እንድትላት ጠበቀች። ከእርቁ ወዲህ ሁሉን ነገር ምንም አይል እየተባባሉ ነው ያለፉት።

ታላቅየዋ አጎንብሳ ቁራጯን አየቻት።

«ታስጠላለች» አለች። «ሲደርቅ ፍቺና ቀይሪያት። እስክትጨርሺ አልሄድም፣ እዚሁ አድራለሁ።»

ሰፊዋ ሳቀች፤ ከሳቁ ጋር እንባዋም መጣ።