በማተብ የተለካው የወፍጮ ዘንግ

ሰይድ የሠራው የወፍጮ ዘንግ ዛሬ ጠዋት በጎረምሶች ሸክም ከአምባሰል ተመልሶ ሐይቅ ገባ። ቀጥኖ የሚዞርበት ኩሽኔታ ውስጥ ይላወሳል።

ሰይድ ጎረቤቴ ነው። ከሳዑዲ ከተመለሰ ጀምሮ ግቢው ውስጥ በአንዲት ትንሽ ቶርኖ ብረት እየቀረጸ ይሠራል። ቶርኖዋ ለረጅም ዘንግ ስለማትበቃ ከአሮጌ መኪና ብረት መደገፊያ ሠርቶ ቀጠለላት። መደገፊያው ዘንጉን ደህና አድርጎ ይዞለታል። የተሳሳተው ልኩ ነው።

ባለወፍጮው ጋሽ መኮንን የተሰበረውን ዘንግ ብቻቸውን ተሸክመው መውረድ አልቻሉም፤ ሜትርም አልነበራቸውም። ስለዚህ የአንገታቸውን ማተብ ፈትተው በዘንጉ ዙሪያ ወጥረው ለኩበት፤ ልኩ ላይ ቋጥረው ለሰይድ አመጡለት።

ዛሬ ጠየቁት፦ «አንተ ስትለካ አልወጠርከውም እንዴ? ክሩ ሳይወጠር ያጥራል።»

«የሰው ማተብ በእኔ እጅ ይበጠስ፣ ጋሼ? ወላሂ ፈራሁ።»

«ቢበጠስ ሌላ ማተብ አስር ነበር፣ ልጄ። ሌላ ወፍጮ ግን የለንም።»

ወፍጮው ከቆመ ወዲህ የጋሽ መኮንን መንደር ሴቶች እህል ተሸክመው እስከ ሐይቅ ይወርዳሉ።

በጋዜጣ ሥራ ብዙ ስህተት አርሜያለሁ፤ ከአክብሮት የመጣ ስህተት ግን እምብዛም አላጋጠመኝም። እናንተስ እንዲህ ያለ ገጥሟችሁ ያውቃል? ጻፉልኝ።

ሌላ ብረት የለም። ዘንጉን በብየዳ አወፍሮ እንደገና መቅረጽ ይቻላል፤ በሙቀቱ ከተጣመመ ግን አለቀ። ጋሽ መኮንን «አንተ ያልከው ይሁን» ብለው ማተቡን ቶርኖዋ ላይ ትተውለት ሄደዋል።

ሰይድ የሚወስነው ነገ ከጁምዓ በኋላ ነው።