በጣቱ የሚናገረው ሹፌር

ልብስ ሰፊዋ ሠላሳ ዓመት የሰው ወገብ ስትለካ ኖራ፣ ዛሬ የራሷ ዓለም ከአልጋዋ እስከ መስኮቱ ብቻ ሆኗል፤ አራት እርምጃ። ካንሰሩ ከጡቷ ተነሥቶ የዳሌዋ አጥንት ውስጥ ገብቷል። የምትኖረው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሕንጻውን የነደፈው ሊቅ የሰው ልጅ እንደሚታመም ወሬው አልደረሰውም መሰል፣ ከደረጃ በቀር መውረጃ አላበጀለትም።

ሐኪም ቤቱ እንደ እሷ ከቤት መውጣት ላቃታቸው የካንሰር ሕሙማን ማክሰኞ ማክሰኞ በዘጠኝ ሰዓት የሚገናኙበት የስልክ ቡድን አለው። አስተባባሪዋ ከቢሮ ትደውልና በአንድ መስመር ታገናኛቸዋለች። አምስት ናቸው። ተያይተው አያውቁም። ግን ምግብ አልረጋ ያለው ማን እንደሆነ፣ የማን ልጅ “ሥራ በዝቶብኝ ነው” እያለ እንደቀረ አንድ በአንድ ያውቃሉ። አብረው ያለቅሳሉ፤ ሐኪሞቻቸውንም አብረው ያማሉ። ሐሜት ሕመም እንደሚያስታግስ እስካሁን ጥናት ያልወጣው አጥኚዎቹ ጤነኞች ስለሆኑ ነው።

ከአምስቱ አንዱ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ጉሮሮውን ቀደው ድምፁን ወስደውበታል፤ የሚኖረውም ብቻውን ነው። ልብስ ሰፊዋ ደንብ አወጣችለት፦ የስልኩን አፍ በጣቱ ይመታል። አንድ ምት “አለሁ”፣ ሁለት “አዎ”፣ ሦስት “አይደለም”፤ በጥፍር መፋቅ ደግሞ ሳቅ። የቀድሞዋ አስተባባሪ ይህን ለምዳው ነበር።

እሷ ተዛወረችና በምትኳ ቅጽ የታቀፈች መጣች። አዲሷ አስተባባሪ እያንዳንዱን ለየብቻ ደውላ፣ በአፉ “አለሁ” ካላለ ወደ ጋራው መስመር አታስገባም። የምቱን ነገር የነገራት የለም። ቅጹም ላይ ለጣት ቦታ አልተተወም። ቢሮክራሲ ጉሮሮ የሌለውን ሰው ገና አልፈጠረውማ!

በመጀመሪያው ማክሰኞ “የሹፌሩ መስመር አልሠራም” አለች። በሁለተኛው ልብስ ሰፊዋ አላስቻላትም።

“ሹፌሩስ?”

“ተሰርዘዋል፣ እትዬ። ሁለት ጊዜ መልስ ያልሰጠ ይሰረዛል። ስደውል ኳ የሚል ብልሽት ብቻ ነው የሚሰማው።”

“ብልሽቱስ አንቺ ነሽ! እሱ እኮ ነው ኳ የሚለው! አለሁ እያለሽ ነው!”

“ቅጹ ግን የቃል መልስ ነው የሚለው።”

“የስልክ ቁጥሩን ስጪኝ፣ እኔው እደውላለሁ።”

“የሕሙማን ምሥጢር ነው፣ እትዬ።”

ምሥጢር! የሰውየውን የሆድ ድርቀት ሳይቀር የሚያውቁ ሰዎች ቁጥሩን ቢያውቁ አገር ይፈርሳል!

ልብስ ሰፊዋ ከስፌት መኪናዋ ላይ መቀሷን አነሣች። “ስሙኝማ፣” አለች፤ “ከአሁን ጀምሮ እኔም ድምፅ የለኝም።” በመቀሱ እጀታ ስልኩን መታች። አንድ።

ከሌላ ቤት ኳ ተሰማ፤ ከቡድኑ አንዱ የሆነው የሒሳብ መምህር ነበር። የቀሩት ሁለቱም ተከተሉ።

“እትዬ? ጋሼ መምህር? መስመሩ ተበላሸ እንዴ?”

ኳ። ኳ። ኳ። ኳ።

“ኧረ እባካችሁ! እንዲህ ከሆነ እኮ ቅጹ ላይ ‘መልስ የለም’ ልላችሁ ነው። ሁላችሁንም ልሰርዝ?”

አራቱም ሁለት ሁለት ጊዜ መቱ።

ሰው የሌለበት ቡድን አስተባባሪም እንደማያስፈልገው ለመረዳት መመሪያ አያሻም። ልጅቷ ተነፈሰችና ቁጥር መጫን ጀመረች። ስልኩ ጠራ። ደግሞ ጠራ። ልብስ ሰፊዋ መቀሱን በደረቷ ይዛ፣ ብቻውን ወድቆ ቢሆንስ እያለች ቆጠረች፤ ስድስት፣ ሰባት። ስምንተኛው ላይ ተነሣ።

አንድ ምት ተሰማ፤ ቀስ ያለች።

“አንተ ሰው!” ጮኸች ልብስ ሰፊዋ። “ረስተውኛል ብለህ ነው?”

ሁለት ምት።

ልብስ ሰፊዋ ስልኩን ወደ አፏ አስጠጋች። “እኛ አልረሳንህም! የረሳህ ወረቀት ነው፤ ወረቀት ደግሞ እናት የለውም። ለዚችም ልጅ አልተናገርክም ተብለህ ተሰርዘሃል። አርባ ዓመት መንገደኛ ላይ ስትጮህ የኖርከው ሰውዬ፣ ዝምተኛ ተባልክልህ!”

መስመሩ ላይ ክርር፣ ክርር የሚል የመፋቅ ድምፅ ተሰማ።

“ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?” አለች አስተባባሪዋ። “ብልሽት ነው?”

“ቅጽሽን አውጪ፣” አለቻት ልብስ ሰፊዋ። “ሳቀ ብለሽ ጻፊ።”