የጋሽ ጌጡ የርችት ፈቃድ

እኛ ሰፈር፣ ቁስቋም፣ ርችት ከተነሳ ጋሽ ጌጡ አብረው ይነሳሉ። የሥራ ዘመናቸውን የጨረሱት ድንጋይ ካባ ውስጥ ቋጥኝ በፈንጂ ሲያፈርሱ ነው። ሌላው ሰው ጡረታ ሲወጣ ደጁ ላይ ፀሐይ ይሞቃል፣ ዳማ ይጫወታል። እሳቸው ግን ከቤታቸው ጀርባ ያለችውን ጠባብ ክፍል ዘግተው በወረቀትና በባሩድ ርችት መሥራት ያዙ። አይሸጡትም፣ ለማንም አይሰጡትም። የሰፈራችን ደመራ ሲለኮስ ወደ ሰማይ ይለቁታል፤ ሕዝቡ እልል ይላል፤ በቃ፣ የዓመቱ ደስታቸው ይኸው ነው። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ስለሚኖሩ ሌላ ደስታ ያላቸውም አይመስለኝም።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሱቄ ከደጃቸው ፊት ለፊት ስለሆነ ጠባያቸውን ጠንቅቄ አውቀዋለሁ። ቁጡ ናቸው። ሲጋራ ለኩሶ በበራቸው የሚያልፍ ሰው ስድብ ጠግቦ ነው የሚያልፈው። ግን ሰው ሲታመም ቀድመው የሚደርሱትም እሳቸው ናቸው። የጎረቤታቸው የደሳለች ባል ጳውሎስ ታሞ ሆስፒታል ተኝቶ በነበረ ጊዜ ደጅ ሲያድሩ የከረሙት፣ ሲያርፍም ድንኳን ከመትከል ጀምሮ የቀብሩን ጣጣ ሁሉ የተሸከሙት እሳቸው ነበሩ። ደሳለች ከሁለት ልጆቿ ጋር የምትኖረው ከዚያች ከርችት ክፍል ጋር ግድግዳ በምትጋራው ቤት ነው።

ጋሽ ጌጡን ፈቃድ አለዎት ወይ ብሎ የጠየቀ ሰው የሚያገኘው መልስ አንድ ነበር፤ "እድሩ ፈቅዶልኛል።" ውሸታቸውን አይደለም። ርችት መሥራት በጀመሩ ሰሞን በእድሩ ስብሰባ ላይ ተነሥተው "የሚከፋው ሰው ካለ አሁን ይናገር፤ እተወዋለሁ" ብለዋል። ሁሉም ዝም አለ። ሊቀ መንበሩ ታረቀኝም "እንግዲህ ይባረክ" አለና ወደ ሌላ ጉዳይ ተገባ። ሬሳህን ተሸክሞ የሚቀብርህ ማኅበር እሺ ካለህ፣ በእኛ ሰው አስተሳሰብ፣ ሌላ የሚጠየቅ ማን አለ?

ዘንድሮ መስከረም እንደገባ ካናዳ ያለው ልጃቸው ኪሩ ደወለ። ሱቄ ውስጥ ተቀምጠው ነበር፤ ስልክ ደግሞ ድምፁን ከፍተው ነው የሚያወሩት።

"አባዬ፣ እኔም እንዳንተ ርችት ልሥራ ብዬ ፈቃድ ልጠይቅ ነበር፤ ተውኩት።"

"ምነው? ያገሩ ሁሉ ሜዳ እያለ ለርችት ቦታ ጠፋ?"

"እዚህ እኮ ያለ ፈቃድ መሥራት ወንጀል ነው። ለራሴ ጨዋታ ነው ብትልም አይምሩህም። የምትሠራበትን ያያሉ፣ የምታስቀምጥበትን ያያሉ፣ ከሰው ቤት ምን ያህል እንደሚርቅ ያያሉ። እኔ ያለሁት አፓርታማ ውስጥ ነው፤ ምን ብዬ ልጠይቃቸው? ስለዚህ ፋብሪካ የሠራውን ለመተኮስ ብቻ ኮርስ ወሰድኩ።"

"ይሁን እስቲ።"

"አባዬ... ያንተ ክፍል ግን፣ ከግድግዳው ወዲያ ማነው የሚተኛው?"

"ደሳለች ናታ። ከነልጆቿ።"

ጋሽ ጌጡም "በል ደህና ሁን" ብለው ዘጉት።

ከዚያ በኋላ ተናደዱ። ካናዳን ሰደቡ፣ ልጃቸውን ሰደቡ፣ ሱሪ ሊያሳጥር የመጣውን ደንበኛዬን ሳይቀር ተቆጡት። ንዴታቸው ሲበርድ ኮታቸውን ለብሰው ፖሊስ ጣቢያ ሄዱ። ለካ የልጃቸው ነገር ከንክኗቸዋል፤ እዚህም ፈቃድ የሚባል ነገር ካለ አውጥተው አፉን ሊያስይዙት ነው። የተቀበላቸው መኮንን በትሕትና አነጋገራቸው።

"አባቴ፣ መኖሪያ ቤት ውስጥ ባሩድ ማዘጋጀት አይቻልም። እኔ የምሰጥዎት ፈቃድ የለም።"

"እድሩ እኮ ፈቅዶልኛል።"

"እድር የሚያውቀው የሞተውን መቅበር ነው፣ አባቴ። ቤትዎ ያለ ነገር ካለ ይንገሩን፤ ባለሙያ መጥቶ ያነሳዋል።"

ለደመራው የተዘጋጀው ርችት ክፍሏ ውስጥ ተደርድሮ ነበር። ትንፍሽ ሳይሉ ተመለሱ።

በማግስቱ ሱቄ መጡና "ተነሥ፣ ደሳለች ጋ እንሂድ" አሉኝ። "እሷን ልጠይቃት። እሺ ካለችኝ የዘንድሮውን ለቅቄ እተወዋለሁ። ግድግዳው የሷ ነው፤ እሷ ካልከፋት ማን ያገባዋል?" ሚስት ሊያጩ የሚሄዱ ሽማግሌ ይመስል ነጠላቸውን አጣፍተዋል። ሳቄ መጣ፤ ግን ዓይናቸውን ሳይ ዋጥኩት። ያቺን አንዲት ምሽት ላለመነጠቅ የሚለምኑ ሰው ዓይን ነበር።

ደሳለች ሻይ አቀረበችልን። ቤቷ አንድ ክፍል ናት። በግድግዳው ጥግ ያለው የልጆቹ አልጋ ርብራቡ ብቻ ቀርቷል፤ ፍራሽም ብርድ ልብስም የለበትም።

"ልጆቹስ?" አሉ ጋሽ ጌጡ።

"አዲሱ ገበያ፣ እህቴ ጋ ናቸው።"

"ትምህርት ተጀምሮ የለ እንዴ?"

"ከዚያ እየተመላለሱ ነው... መስቀል እስኪያልፍ።"

"ለምን መስቀል እስኪያልፍ?"

ደሳለች ብርጭቆዋን አየች። "ይተዉት፣ ጋሼ።"

"ንገሪኝ እንጂ!"

"እርስዎ ሥራ ሲጀምሩ እልካቸዋለሁ፤ በየዓመቱ። እኔ እዚሁ ነው የማድረው። ሁላችንም ከወጣን ቤቱ ባዶ መሆኑን ሰው ያስተውላል፣ እርስዎም ይሰማሉ ብዬ ነው።"

ጋሽ ጌጡ የያዙትን ሻይ አስቀመጡ። "እድር ላይ ነበርሽ እኮ፣ ደሳለች። የሚከፋው ይናገር ብያለሁ። ዝም አልሽ።"

"ምን ብዬ ልናገር? ባሌን አፈር ባለበሱልኝ ሰው ላይ በሕዝብ ፊት ልነሣ? ደግሞ ጴንጤ ነኝ። ደመራውን ጠልታ ነው ይሉኛል፤ እርስዎም እንደዚያ ያስባሉ ብዬ ፈራሁ። ማታ ማታ ግድግዳው ላይ እጄን አድርጌ እጸልያለሁ። ለእርስዎም ነበር የምጸልየው፤ ከእኔ ይልቅ ለባሩዱ የሚቀርቡት እርስዎ ነዎት።"

ይሉኝታ የሚሉትን ነገር እንደዚያ ቀን ጠልቼው አላውቅም። አንዲት እናት ልጆቿን አሽሽታ ራሷን እሳት አጠገብ ታስተኛለች፤ ለምን? ጎረቤት እንዳይቀየም። ጎረቤቱ ደግሞ ነፍሱን የሚሰጥላት ሰው! አንድ ቃል ብትተነፍስለት ኖሮ በዚያው ቀን ይተወው ነበር። እኛም እንዲህ ዝም የተባለውን ሁሉ እንደ ስምምነት ቆጥረን፣ ተዋደን የምንኖር ይመስለናል።

ጋሽ ጌጡ ሊጠይቁ የመጡትን አልጠየቁም። ተነሡና ከደጇ በቀጥታ ወደ ጣቢያው ወረዱ፤ ስለ ሁሉም ነገር ተናገሩ። ባለሙያዎቹ በዚያው ቀን መጡ። እኛን ወደ ታች አስፋልቱ ድረስ ካራቁን በኋላ ክፍሏን ባዶ አደረጓት። አንደኛው ሲወጣ ላቡን እየጠረገ "እዚህ ሰው ይኖርበታል?" ብሎ ጠየቀ። ጋሽ ጌጡ ቃላቸውን ሰጥተው አመሻሽ ላይ ተለቀቁ፤ ክሱ ገና አልለየለትም። "ቢፈርዱብኝ አልከፋም" ይላሉ፤ የምራቸውን ነው።

ደመራው እንደ ወትሮው ተለኮሰ። ካህናቱ ወረቡ፣ ሕዝቡ ዞረ፤ ቀና ብሎ ሰማይ ሰማይ የሚያየው ሰው ግን ብዙ ነበር። አንዱ "ያቺ ጴንጤ ከስሳ አስከለከለችው" ሲል ጋሽ ጌጡ ሰሙት። እንደዚያ ሲጮኹ ሰምቼ አላውቅም። "እኔ ነኝ የተውኩት! ስሟን የሚያነሳ ሰው ከእኔ ጋር ነው ጠቡ!" አሉ።

ከዚያ ቤታቸው ሸኘኋቸው። ወደ ኋላ ክፍል ወሰዱኝ። ባዶ ናት፤ የቀረው የባሩድ ሽታ ነው። ከግድግዳው ወዲያ፣ ወደ ቤታቸው የተመለሱት የደሳለች ልጆች በእርሳስ ይጣላሉ፤ ታላቅየዋ ታናሹን ትቆጣዋለች፣ እሱ ያለቅሳል፣ ወዲያው ደግሞ ይሳሳቃሉ። ጋሽ ጌጡ ግድግዳውን ተደግፈው አዳመጡ።

"ሁልጊዜ እንዲህ ናቸው?" አሉኝ።

"ልጆች አይደሉ እንዴ፣ ጋሼ።"

"በየዓመቱ በዚህ ሰሞን ድምፃቸውን ሰምቼ አላውቅም" አሉ። "ጸጥ ሲልልኝ፣ ለሥራ ተመቸኝ እያልኩ ደስ ይለኝ ነበር።"

ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡና አለቀሱ።