በሚካኤል ዕለት የተቀዳ ውኃ

የሰኔ ሚካኤል ዕለት ዝናቡ ሌሊቱን ሲወርድ አድሮ ጎሕ ሲቀድ አባራ። ከወረታ እስከ ቁሐር ሜዳው ውኃ አቁሮ ሰማዩን መስሏል። ካሳነሽ ነጠላዋን ተከናንባ ወጣችና ለቤቷ መሠረት የተቆፈረውን ጉድጓድ አየችው። እስከ ጉልበት ሞልቷል።

ማዘጋጃ ቤቱ የግንባታ ፈቃድ ሲሰጣት ያጠበቀባት ነገር አንድ ነበር፤ ባለሙያ የመሠረቱን ወለል በዓይኑ ሳያይ ድንጋይ እንዳይገባ። ባለሙያዋ የምትመጣው ደግሞ ዛሬ ረፋድ ላይ ነው። ዛሬ ሳታይ ከተመለሰች ክረምቱ ይበረታል፣ ጉድጓዱም ይናዳል፤ የካሳነሽ ድካም ሁሉ ጭቃ ሆኖ ይቀራል።

ግንበኛው ደሞዝ ለበዓሉ ነጭ ለብሶ ብቅ አለ።

«እታለም፣ ባለሙያዋን ተያት። ነገ ድንጋዩን ልደርድረው። አንዴ ከተቀበረ ማን ቆፍሮ ያየዋል?»

«ያንን ቤቴንም እንዲህ ብለህ ነው የሠራኸው።»

ደሞዝ አቀረቀረ። ያ ቤት ያለ ፈቃድ መረሬ ላይ የቆመ ነበር። ጥቁሩ አፈር ክረምት እያበጠ፣ በጋ እየተሰነጠቀ ግድግዳውን ገመሰው፤ በኋላም ፈቃድ የለውም ተብሎ ፈረሰ። ካሳነሽ ከዚያ ወዲህ ሰው ጓሮ ተጠግታ ነው የኖረችው።

«እንግዲያስ ውኃውን አውጣልኝ» አለችው።

«በሚካኤል? አገሩ ምን ይለኛል?»

ትታው ሄደች። ቄስ ገብረ ኪዳን ከቅዳሴ ሲመለሱ መንገድ ላይ ጠብቃ መስቀል ተሳለመች።

«አባቴ፣ ዛሬ ውኃ መቅዳት ነውር ነው እንዴ?»

«ማን ጠምቶት ይደር? ሴቱ ሁሉ እየቀዳ አይደል?»

«እኔም ከደጄ ልቀዳ ነው።»

ቄሱ ጉድጓዱን አሻግረው አዩና ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። «ዶማ እንዳትነኪ፤ አፈርም እንዳትቆፍሪ። ውኃውን ግን ቅጂ፤ የጎረቤቶችሽን ላሞች አጠጪበት።»

ቀሚሷን ሰብስባ ጉድጓዱ ውስጥ ገባች። በተቆረጠ ጀሪካን እየጨለፈች ላሞቹ ፊት ታፈስ ጀመር።

«ካሳነሽ፣ ሩዝ ልትዘሪ ነው?» አሏት ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ ጎረቤቶች።

«ሩዙን ለእናንተ ትቻለሁ» አለች ቀና ሳትል።

ደሞዝ ጥቂት ቆሞ አያት። ኋላ ነጩን ልብሱን አውልቆ አጥር ላይ ሰቀለና ወረደ። «መቼም እነዚህ ላሞች ዛሬ ክፉኛ ጠምቷቸዋል» አለ።

ባለሙያዋ ሉሊት በባጃጅ ስትደርስ ጉድጓዱ ተንጠፍጥፏል። በያዘችው ብረት ወለሉን እየወጋች ዞረች። በሁሉም በኩል ጠንካራ ነው፤ አንዱ ጥግ ላይ ግን ብረቱ ሰመጠ።

«እማማ፣ እዚህ ጋ መረሬው አላለቀም። ጠጠሩ እስኪገኝ ይቆፈር። ነገ ተመልሼ አያለሁ።»

ደሞዝ ተነፈሰ። «አንድ ጥግ ብቻ እኮ ነው።»

«ያኛውም ቤት የጀመረው ከአንድ ጥግ ነው» አለች ካሳነሽ። «ነገ በማለዳ ዶማህን ይዘህ ና።»

በማግስቱ ጠጠሩ እስኪገኝ ቆፈሩ፤ ሉሊትም አይታ ድንጋዩ ይግባ አለች።

ካሳነሽ ዛሬ እዚያ ቤት ውስጥ ትኖራለች። ክረምት በገባ ቁጥር ያንን ጥግ በመዳፏ ትዳብሰዋለች። እስካሁን አልተሰነጠቀም።