ያልተበላሸው ፓወር ሰፕላይ

ገበያነሽ ደባርቅ መናኸሪያ አጠገብ የጽሕፈት ሥራ ከመጀመሯ በፊት በአንድ ፕሮጀክት ቢሮ ጸሐፊ ነበረች። በ1997 ዓ.ም. ፕሮጀክቱ ሲዘጋ ዕቃው ለሠራተኞች ተሸጠ። ሌሎቹ ወንበርና ቁም ሳጥን ሲሻሙ እሷ ስትጽፍበት የኖረችውን ኮምፒውተር ወሰደች። ከዚያ ወዲህ መሬቱ የተነካበት ገበሬ፣ ዝውውር የሚጠይቅ አስተማሪ፣ ፓርኩ ውስጥ ሥራ የሚፈልግ ጎልማሳ ሁሉ ማመልከቻውን የሚያስጽፈው እሷ ዘንድ ሆነ። ማንበብ ለማይችል ሰው የጻፈችውን ሁለት ጊዜ ታነብለታለች፤ «እንዲህ ነው ያልኩት» ካላላት አታትምም።

ኮምፒውተሩን የሚጠግንላት የሺዋስ ነበር። ዳባት አብረው ተምረዋል። የልጇን ክርስትና ያነሳው እሱ ስለሆነ በስም አይጠራሩም፤ «አበልጄ» ነው የሚባባሉት። ሹፌር ባሏ ሊማሊሞ ላይ መኪናው ተገልብጦ በሞተ ጊዜ ገደል ወርዶ ሬሳውን ያወጣው የሺዋስ ነው። ገበያነሽ ከዚያ ቀን በኋላ የሺዋስ ያለውን ነገር ተጠራጥራ አታውቅም።

በ2003 ካሜራ ገዛችና ሠርግ መቅረጽ ጀመረች። አሮጌው ኮምፒውተር ግን የቪዲዮ ቅንብር አልቻለም፤ ምስሉ እየተቆራረጠ ይቆማል። የሺዋስ አይቶ ዋናው ሰሌዳ፣ ማዘርቦርዱ፣ ይቀየር፣ ምስሉን የሚያፈጥን ግራፊክስ ካርድም ይጨመር አለ።

«ፓወር ሰፕላዩስ?» አለችው። ከሳጥኑ ጀርባ ተቀምጦ ኤሌክትሪኩን ለሌላው ሁሉ የሚያከፋፍለው ብረት ማለቷ ነው።

«እሱማ ይቆይ። እንደ ድንጋይ የሚከብድ ዕቃ ነው። ይችለዋል።»

በሳምንቱ ዕቃውን ከጎንደር ይዞ ሲመጣ ግን አዲስ ፓወር ሰፕላይም ጨምሮ ነበር።

«ሳስበው አሮጌው ያሰጋል፣ አበልጄ። አንድ ቀን ፈንድቶ አዲሱን ዕቃ ሁሉ ይዞብሽ ይሄዳል። ማገናኛውም ካዲሱ ቦርድ ጋር አይገጥምም።»

«ይችለዋል አላልከኝም ነበር?»

«ያኔ ካርዱ የሚፈልገውን ኃይል አላሰላሁትም።»

አዲሱን በአንድ እጇ፣ አሮጌውን በሌላው አነሳቻቸው። አዲሱ እንደ ባዶ ጣሳ ነው።

«ይሄ ምነው ቀለለ?»

ሳቀ። «የዘመኑ ዕቃ እንዲህ ነው። ስልክስ ድሮ ጡብ ያህል አልነበረም?»

እውነቱን ነው አለች በልቧ። አሮጌውን ምን ላድርገው ብትለው፣ ሽቦው ለጥገና ይሆነኛል አላት። ራሷ በፌስታል ጠቅልላ አመስግና ሰጠችው።

በጥር ወር ከጃናሞራ ሰዎች መጥተው ለሠርግ ጠሯት። መካነ ብርሃን ደርሳ፣ ከዚያም በእግሯ ግማሽ ቀን ተጉዛ የወይዘሮ ወለተ ማርያምን ልጅ ሠርግ ቀረጸች። የወይዘሮዋ ባል፣ የሙሽራዋ አባት አቶ ይግዛው መታወቂያቸው ላይ ካለው በቀር ፎቶ ኖሯቸው አያውቅም። ልጃቸውን ሲመርቁ ድምፃቸው እየተቆረጠ ረጅም ምርቃት መረቁ፤ ገበያነሽ አንዱንም ሳታስቀር ያዘችው። ደባርቅ ተመልሳ ወደ ኮምፒውተሩ ገለበጠችውና የካሜራውን ሚሞሪ ካርድ ለሚቀጥለው ሠርግ ባዶ አደረገችው። ቅንብሩ ሳያልቅ በዐቢይ ጾም አቶ ይግዛው አረፉ። ወይዘሮ ወለተ ማርያም ለገበያ በመጣ ሰው «አደራሽን፣ ድምፁን ልስማው» ብለው ላኩባት።

ኮምፒውተሩ ግን በዚያው ሰሞን ሥራ ሲበዛበት ራሱን ያጠፋ ጀመር። የሺዋስን ብትጠይቀው «የመብራቱ ጣጣ ነው» አላት። አንድ የሚያዝያ ማለዳ መብራት ሄዶ ሲመለስ ከሳጥኑ ውስጥ አንድ ነገር የጥይት ያህል ጮኸ፤ ቤቱም የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተ።

ሳጥኑን በአውቶቡስ ጭና ጎንደር አለነ የሚባል ጠጋኝ ዘንድ ወሰደችው። አለነ ፓወር ሰፕላዩን ፈታና አሳያት።

«እይው፣ ውስጡ ባዶ ነው። ላዩ ላይ አምስት መቶ ዋት ተጽፏል፤ ግማሹንም አይሰጥ። የኃይል መከላከያም የለውም።» ማዘርቦርዱም ሃርድ ዲስኩም ነደዋል። በዲስኩ ላይ ከነበረው አንድም ነገር ማውጣት አልቻለም።

ስለ አሮጌው ስትነግረው ግራ ተጋባ። «እሱን ማን አስቀየረሽ? ፓወር ሰፕላይ ስላረጀ ብቻ አይጣልም። ማቀዝቀዣው ፋን ሲጮህ፣ እነዚህ ካፓሲተር የሚባሉት ትንንሽ ቆርቆሮዎች ሲያብጡ፣ ወይ አቅሙ ላዲሱ ካርድ ሲያንስ ነው የሚቀየረው። ያንቺ እንደምትነግሪኝ ከሆነ ይተርፈው ነበር። ማገናኛውም በትንሽ ገመድ ይስተካከላል።»

አውቶቡስ ውስጥ በልቧ ለየሺዋስ ስትከራከርለት መጣች። ተሳስቶ ይሆናል፤ እሱንም ነጋዴ አታልሎት ይሆናል። ልትጠይቀው ዳባት ወረደች። የሺዋስ በቅርቡ እዚያ የቪዲዮ ማቀናበሪያ ቤት ከፍቷል።

ስትገባ የሱ ኮምፒውተር እንዳይሞቅ ጎኑ ተከፍቶ ይሠራ ነበር። ውስጡ የተገጠመው ብረት ላይ የፕሮጀክቱ የንብረት ቁጥር በቀይ ቀለም ተጽፎበታል። ቁጥሩን የጻፈችው ራሷ ናት።

«አበልጄ፣ ይሄ የኔ አይደለም?»

የሺዋስ አልካደም። «ያንቺ ነው።»

«ይፈነዳል አላልከኝም?»

«እንዲህ ያለ ዕቃ ዛሬ ጎንደርም አይገኝ። የኔ ማሽን ቀን ሙሉ ነው የሚሠራ። አንቺ በወር አንድ ሠርግ ነው፤ ቀላሉም ይበቃታል ብዬ ነው።»

«የአቶ ይግዛው ድምፅ ጠፋ። ሁሉም ነደደ።»

እጁን ሰድዶ ማሽኑን አጠፋው።

«ብትለምነኝ እሰጥህ ነበር'ኮ።»

«አውቃለሁ» አለ።

ከተናገረው ሁሉ የከበዳት ይህችኛዋ ቃል ናት። ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ንቀለው» አለችው። ብሎኖቹን አንድ በአንድ ሲፈታ ቁጭ ብላ አየችውና ብረቱን ታቅፋ ወጣች።

ለወይዘሮ ወለተ ማርያም በሰው መላክ ትችል ነበር፤ ራሷ ሄደች። ከሠርጉ እንደተመለሰች ካተመችው አንድ ፎቶ በቀር ምንም እንዳልተረፈ ነገረቻቸው።

«ምንም፣ ልጄ?»

«ምንም፣ እማማ።»

ሴትዮዋ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። «ምን አግኝቶት ነው?»

ገበያነሽ አበልጄ ነው ማለት አቃታት። «መብራት አቃጠለው» አለች። መንገዱን ሙሉ ያንገበገባት ይህ ነው፤ እሱ ዋሻት፣ አሁን ደግሞ እሷ ስለ እሱ ብላ ሐዘንተኛዋን ዋሸች።

ሌላ ቦርድና ዲስክ ገዝታ፣ አለነ አሮጌውን ብረት መልሶ ገጠመላት። ከወራት በኋላ የሺዋስ ሽማግሌ ላከ። የንስሐ አባቷም መጥተው «ልጄ፣ የክርስትና ዝምድና አይፋቅም» አሏት። ይቅር አለችው። ልጇም በየበዓሉ የክርስትና አባቱን ሊጠይቅ ይሄዳል፤ አልከለከለችውም። እሷ ግን ከዚያ ወዲህ በስሙ ነው የምትጠራው። በእርቁ ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ «የሺዋስ» ስትለው ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፉ።

ሲሰነባበቱ «ማሽኑ ካስቸገረሽ ጥሪኝ» አላት።

«እሺ» አለች።

በዚያው ሳምንት ጎንደር ወርዳ አለነን ጥገና አስተምረኝ አለችው። ሦስት ወር ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ተመላለሰች። ዛሬ ደንበኛ ፓወር ሰፕላይ ልቀይር ወይ ብሎ ሲጠይቃት፣ ዕቃውን ፊቱ ከፍታ በጣቷ እያሳየች ታስረዳዋለች። የሷን ኮምፒውተር ግን ከሷ ሌላ የሚከፍተው ሰው የለም።