ጤነኛውን ጥድ በሽተኛ ያስባልኩበት ቀን

ባለፈው ዓመት በዐቢይ ጾም የሆነ ነገር ነው። ትዝ ባለኝ ቁጥር ብቻዬን መኪና እየነዳሁ ያስቀኛል፤ በዚያው ደግሞ ያሳፍረኛል።

እዚህ ውጭ አገር፣ ጋርላንድ ከተማ ባለው ቤተ ክርስቲያናችን ፓርኪንግ ዳር አንድ ትልቅ ጥድ አለ። ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቻችን የሚያወጉት እሱ ጥላ ሥር ነው። አንድ ቅዳሜ ግቢውን ስናጸዳ፣ አንዲት ፈረንጅ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ መጥታ ከጥዱ ትንሽ ቅጠል እንድንሰጣት ለመነችን። የግቢው ኃላፊ ጋሽ ታደሰ እንግሊዝኛ ብዙም አይሆንላቸውም። እኔን ጠሩኝ።

«ምን ልታደርገው ነው? እስቲ ጠይቃት።»

ልጅቷ አፏ ፈጣን ነው። ካለችው ሁሉ የያዝኩት «ቅጠሉ ውስጥ ፈንገስ አለ» የሚለውን ብቻ ነበር። እሱኑ ነገርኳቸው። እሷ ቅጠሏን ይዛ፣ ስልክ ቁጥሯን ሰጥታኝ ሄደች።

ሆስፒታል የነርስ ረዳት ስለሆንኩ የተጠራጠረኝ የለም። በማግስቱ «ጥዱ ታሟል» የሚለው ወሬ ግቢውን ሞላው። ልጆች እንዳይጠጉት ተከለከሉ። አንዲት እናት ግንዱ ላይ ጠበል ሲያፈሱ አየሁ። የቤተ ክርስቲያኑ ኮሚቴ ደግሞ ከሁለት ሳምንት በኋላ ይቆረጥ ብሎ ወሰነ።

ያኔ መጠራጠር ጀመርኩ። በደንብ ሳልሰማት ቀርቼስ ቢሆን? ስንገራገር ቆይቼ፣ ሊቆረጥ ሁለት ቀን ሲቀረው ልጅቷን ኮል አድርጌ ነገርኳት።

«ኖ! እንዳትነኩት!» ብላ ጮኸች።

ቅዳሜ ከቆራጮቹ ቀድማ ደረሰች። ይዛ በመጣቻቸው፣ ክዳን ባላቸው ትናንሽ የላብራቶሪ ሳህኖች ላይ ነጭ፣ ግራጫ፣ ጥጥ የመሰለ ነገር በቅሏል። ከኛው ጥድ ቅጠል የወጡ ፈንገሶች ናቸው። ጤነኛ ጥድ ሁሉ ውስጡ እንዲህ ዓይነት ፈንገሶች እንደሚኖሩ፣ ዛፉን እንደማይጎዱት፣ እንዲያውም አንዳንዶቹ ከተባይ ሳይጠብቁት እንደማይቀሩ አስረዳችን። ሶ፣ አሁን እያንዳንዱን ነገር ሁለቴ እያስደገምኳት ተረጎምኩ።

ጋሽ ታደሰ አንዱን ሳህን ወደ ፀሐይ ከፍ አድርገው ትክ ብለው አዩት።

«እና ደባሎቹ ናቸው በለኛ!» አሉ። ቀጥለው ወደኔ ዞሩ። «አንተ ግን፣ በሽተኞችህንም እንዲህ ነው የምታዳምጣቸው?»

ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። እኔ የምገባበት ጠፋኝ። ጋሽ ታደሰ ራሳቸው ቆራጮቹን በር ላይ ጠብቀው መለሷቸው።

ልጅቷን ለፋሲካ ጋበዝናት፤ ዶሮ ወጡን በርበሬው አቃጥሏት እንባዋ እየወረደ በላች። እኔም ከዚያ ወዲህ ያልገባኝን «እባክሽ ድገሚልኝ» ለማለት አላፍርም። ይስቁብኝ ግድ የለም፤ እንኳን ደወልኩ።